የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ማን ይክፈለው?

ባለፈው ሳምንት ማታ ትምህርታችንን ከጨረስን በኋላ ጨዋታ ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም። በዚያው ሰሞን ከአንዱ ክፍል ጣራ ላይ ቆርቆሮ ተነቅሎ ተወስዷል። ሕፃናቱ ዝናብ እየወረደባቸው ይማራሉ።

አንድ አባት «ልጅ የሚያስተምር ይክፈል!» አሉ። አንዲት እናት ከኋላ ተነሡና «ልጅማ ያለኝ እኔ ነኝ፣ አምስት! መሬቴ ግን አንድ ጥማድ ናት። ስምንት ጥማድ ከሚያርሰው ሰው ጋር እኩል ልክፈል?» ብለው ጠየቁ። ክርክሩ ሳይቋጭ የሶላሯ መብራት ደከመችና ተበተንን።

ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም። ይህ ክርክር የእኛ መንደር ብቻ አይደለም። ሀብታም በምትባለው አሜሪካም አለ። አንድ አውራጃ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ።

በአሜሪካ ደቡብ ፍሎሪዳ የሚባል ክፍለ ግዛት አለ። በውስጡ ብሮዋርድ የሚባል አውራጃ፣ በአውራጃው ውስጥም ፓርክላንድ የምትባል ከተማ አለች። የካቲት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. አንድ የ19 ዓመት ወጣት ቀድሞ ይማርበት ወደነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠመንጃ ይዞ ገባ። 14 ተማሪዎችንና 3 የትምህርት ቤቱን ሠራተኞች ገደለ። ልጁን በጠዋት የሸኘ ወላጅ ማታ አስከሬን ተቀበለ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 30 ቀን፣ ክፍለ ግዛቱ ሕግ አወጣ። ሕጉ እያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጠባቂ ይኑረው አለ። ለዚህም ገንዘብ መደበ። ሆኖም ጠባቂ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። በየወሩ ደመወዝ ይፈልጋል። ገንዘቡ አልበቃም።

ታዲያ ከየት ይምጣ? በአሜሪካ ቤትና ቦታ ያለው ሰው በየዓመቱ ግብር ይከፍላል። ግብሩ የሚቆረጠው በቤተሰቡ ብዛት አይደለም፣ በቤቱና በቦታው ዋጋ ነው። ከዚህ ግብር አንዱ ክፍል እዚያው አውራጃ ላሉ ትምህርት ቤቶች ይውላል። የብሮዋርድ ትምህርት ቦርድ ይህ ግብር ጥቂት ይጨመር ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ነሐሴ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ድምፅ ከሰጡት ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆኑት «ይጨመር» አሉ። ጭማሪው ለአራት ዓመት ብቻ ነበር። ትልቁ ድርሻ ለመምህራን ደመወዝ ሆነ፤ ከፊሉ ደግሞ ለትምህርት ቤት ጠባቂዎች።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጭማሪው ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የቤት ዋጋ ላይ 50 ሳንቲም ነው። አንድ ሰው የሚኖርበት ቤት 225,000 ዶላር ያወጣል እንበል። ባለቤቱ ራሱ ከኖረበት ሕጉ 25,000ውን ይተውለታል። 200,000 ይቀራል። ሁለት መቶ ጊዜ 50 ሳንቲም 100 ዶላር ነው፤ ይህን በዓመት ይከፍላል። ቤቱ 1,000,000 ዶላር የሚያወጣው ጎረቤቱ ግን 487 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል። ልጅ የሌለውም ይከፍላል። ያለው በርከት፣ የሌለው አነስ ያደርጋል ማለት ነው።

አራቱ ዓመት ሲያልቅ ቦርዱ ተመልሶ ሕዝቡን ጠየቀ። ነሐሴ 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝቡ እንደገና እሺ አለ። በዚህ ጊዜ ከ1,000 ዶላር ላይ አንድ ሙሉ ዶላር ሆነ።

ነገሩ እንከን የለውም አልላችሁም። ትልቅ ቤት ያላቸው፣ ገቢያቸው ግን ትንሽ የሆነ ሽማግሌዎች አሉ። ቤት አለኝ ማለት ኪሴ ሙሉ ነው ማለት አይደለም እኮ! ተከራዩም አያመልጥም፤ አከራዩ ግብሩን ኪራይ ላይ ሊጨምርበት ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ውድ ቤት የበዛበት አውራጃ በትንሽ ጭማሪ ብዙ ገንዘብ ይሰበስባል። ድሀው አውራጃ ያንኑ ያህል ጨምሮ ጥቂት ያገኛል። የድሀው ልጅ ግን ጠባቂ አያስፈልገውም ያለ ማነው?

ሌላም አለ። በዚያች የካቲት 7 ቀን እዚያ ትምህርት ቤት መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ ነበረ። ተኩስ እየተሰማ ሕንፃው ውስጥ አልገባም ተብሎ ተከሰሰ። ሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በነፃ ለቀቀው። ወላጆች ግን እስከ ዛሬ ያዝናሉ። ደመወዙን መክፈል አንድ ነገር ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ሌላ።

በእኛም አገር በመሬት ላይ ለትምህርት ግብር መክፈል አዲስ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ያስታውሱታል። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጣለ። አዋጁ ገንዘቡ እዚያው በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለትምህርት ይዋል ይል ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቶቹ በብዛት ከተማ ነበሩ። ገበሬው ከፈለ፣ የብዙው ገበሬ ልጅ ግን የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጥ አደገ። ስለዚህ አንዳንድ አባቶች «መዋጮ» ሲባል ፊታቸው ቢጠቁር አልፈርድባቸውም።

ወደ መንደራችን እንመለስ። ዘበኛው በወር 1,200 ብር ይከፈለው እንበል። በዓመት 14,400 ብር ነው። 180 አባወራና እማወራ ቢኖር፣ እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 80 ብር ይደርሳል። በመሬት ቢሆንስ? የሁሉም መሬት ቢደመር 720 ጥማድ ነው እንበል። ለአንድ ጥማድ 20 ብር ይሆናል። አንድ ጥማድ ያላት 20 ብር፣ ስምንት ጥማድ ያለው 160 ብር ይከፍላል። መሬት የሌላቸው ወጣቶችስ? በጉልበት አጥር ያጥሩ ይሆን? ይህን እናንተው ወስኑ። ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ ደረሰኙን ማን እንደሚያነብም ጨምራችሁ ተነጋገሩበት።

ይህን ሒሳብ ትናንት ማታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ያችው የአምስት ልጆች እናት ደብተራቸውን አውጥተው ቁጥሩን አንድ በአንድ ገለበጡ። 14,400ን ሲጽፉ አንድ ዜሮ ረሱና ራሳቸው አረሙት። «እሑድ ስብሰባው ላይ» አሉኝ፣ «የማነበው እኔ ነኝ።»