ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ኪኒኑ፣ ቡናውና ጾሙ



«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ያወጡት ሰዎች እንቅርትን በደንብ የሚያውቁ ነበሩ። በአምባሰል ደጋም ሆነ በሐይቅ ዙሪያ እንቅርት ያለባቸውን እናት ሳያይ ያደገ ሰው አይገኝም። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥበው ስለሚወስዱት በዚያ የሚበቅለው እህልም ያንሰዋል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከተነሳበት እስከ 1990 ዓ.ም ድረስ ከአሰብ በኩል ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። ከዚያ በኋላ የተካው የአፍዴራ ጨው ግን ለዓመታት ያለ አዮዲን ሲሸጥ ቆየ። ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም ነው። ዛሬ ለቀዶ ሕክምና ወደ ደሴ የሚላኩ ብዙ እናቶች ከዚያ በፊት የጀመራቸውን እብጠት ተሸክመው የኖሩ ናቸው።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ሐኪምዎ ይነግርዎታል። እኔ የምጽፍልዎት ከመድኃኒት ቤት መስኮት ሆኜ ስለማየው፣ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ነገሮችን ይጠብቁ። አንገትዎ በድንገት ካበጠና ትንፋሽ ካጠረዎት ነገ ይሻለኛል ሳይሉ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ አራት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ ሥራቸው የደምን ካልሲየም መጠበቅ ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከተነኩ ካልሲየም ይወርዳል። ከንፈር ዙሪያና ጣት ጫፍ ላይ መንዘር፣ ከዚያም የእጅና የእግር ጡንቻ መጨበጥ ይመጣል። ይህን ያዩ ቤተሰቦች «ዓይን ነው» ብለው ቀን ሲያሳልፉ አውቃለሁ። ዱዓውን ያድርጉ፤ እየሄዱ በመንገድም ማድረግ ይቻላል። ወተትና አይብ ጥሩ ናቸው፣ ነገር ግን የወረደን ካልሲየም ለብቻቸው አያነሱም።

ድምፅ መጎርነንም የተለመደ ነው። ለድምፅ የሚያገለግሉት ነርቮች በዕጢው አጠገብ ስለሚያልፉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ሙአዚን፣ ቁርአን አስቀሪ ወይም መንዙማ አውጪ ከሆኑ ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። ከፍ ያለው ዜማ የሚነካበት ጊዜ አለና አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል። ውኃ ሲጠጡ ትን የሚልዎት ከሆነም ዝም አይበሉ።

ቁስሉን በተመለከተ ቅቤም፣ ቅጠልም አይቀቡት። አንገት ከውዱእ ግዴታ አካላት ስላልሆነ ውዱእ አያስቸግርም፤ መታጠብ ሲፈቀድልዎ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁት። ሩኩዕና ሱጁድ ቁስሉን የሚጎትት ከሆነ እስኪሻልዎ ተቀምጠው ወይም በምልክት መስገድ ለታማሚ የተፈቀደ ነው። ጀሪካን መሸከሙንና እንጨቱን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ለሌላ ይተዉት። ሂጃብ ጠባሳውን ከፀሐይ ስለሚከልልልዎ ይጠቅማል፤ መርፌ ቁልፉን ብቻ ከቁስሉ ያርቁት።

አሁን ወደ ኪኒኑ እንምጣ፤ ብዙው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሰውነት በራሱ ሆርሞኑን ማምረት አይችልምና ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ኪኒን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። በግማሽ የወጣላቸው ሰዎች ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ ይህን የሚወስነው የደም ምርመራ ነው። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ምግብም ቡናም አይቀመስም። የወሎ ሰው ማለዳ ቡና ሳይጠጣ ሥራ እንደማይጀምር አውቃለሁ፤ ግን ቡና ኪኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። በየወሩ መድኃኒቷን ሳታጓድል የምትወስድ፣ ግን ድካሙና ብርዱ ያልለቀቃት አንዲት እናት «በምን ትውጪዋለሽ?» ብዬ ስጠይቃት «በአቦሉ ነዋ!» አለችኝ። ማለዳ የሚጠጣ አብሽና ተልባም እንዲሁ ይቆዩ። ካልሲየም፣ የደም ማነስ ኪኒን (አይረን) እና የጨጓራ ማስታገሻ ደግሞ ከሌቮታይሮክሲን በ4 ሰዓት ይራቁ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰው ሁሉንም «የእንቅርት ኪኒን» ይለዋል። ፒ.ቲ.ዩ የሚባለው ግን ዕጢው ከመጠን በላይ ለሚሠራበት ሰው የሚሰጥ፣ ሆርሞኑን የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ሌቮታይሮክሲን ደግሞ የጎደለውን የሚተካ ነው። ሥራቸው ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት አይበደሩ፣ አያበድሩም። ጥቁር አዝሙድንም ቢሆን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የወጣን ዕጢ ሆርሞን አይተካም።

ረመዳን ሲመጣ «ኪኒኑን ልተወው?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። አይተዉት። ቁስሉ ገና ከሆነ ወይም ካልሲየምዎ ካልተስተካከለ ስለ መጾሙ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ቀዷ አለው። ጤናዎ ከተስተካከለ ግን መላ አለው። በኢፍጣር፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ራትዎን ከካልሲየሙ ጋር ይጨርሱ። ከተራዊሕ ተመልሰው ምንም ሳይቀምሱ ይቆዩና ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሌቮታይሮክሲኑን በውኃ ውጠው ይተኙ። ሱሑር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቢሆን ሁለተኛው ካልሲየም ያኔ ይደርሳል፤ 4 ሰዓቱም በሁለቱም በኩል ተጠበቀ ማለት ነው። ከተራዊሕ በኋላ ያለው ቡና ግን ይህን ሁሉ ያፈርሰዋልና ከኪኒኑ በፊት አይሁን፣ ከኋላውም ወዲያው አይከተል።

ምግብን በተመለከተ ብዙ የተከለከለ ነገር የለም። ጎመን እንቅርት ያመጣል የሚባለው በተለይ አዮዲን ለጎደለው ሰው ነው፤ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ለወጣለት ሰው የሚያብጥ ነገር አልቀረም። ግማሹ ለቀረለትም ተቀቅሎ በልኩ ቢበላ አይጎዳም። የሐይቅ ዓሣ ለቁስል መጠገኛ ፕሮቲን ግሩም ነው፤ አዮዲን የሚበዛው ግን በባሕር ዓሣ እንጂ በጨው አልባ ሐይቅ ዓሣ አይደለምና ጨውን አይተካም። ጨዉን አጥበው አይጠቀሙ፣ ፀሐይ ላይ አያስጡ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩ፤ አዮዲን በውኃ ይታጠባል፣ በሙቀትም ይተናል። ቤት ውስጥ ያሉት ልጆች ይህን ጨው ከእርስዎ ይልቅ ይፈልጉታል።

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሐይቅና ደሴ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈው መድኃኒት የተቋረጠበት ሰው ብዙ ነው። ሌቮታይሮክሲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ግማሹ ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ሁለትና ሦስት ቀን ቢያመልጥዎ አይደንግጡ። ሳምንታት ሲሆን ግን ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድርቀት፣ የፊት ማበጥ ይመጣል፤ ከቆየም አእምሮን እስከ መሳት ያደርሳል። የአንድ ወር ትርፍ ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። መድኃኒት ቤቱ የሌላ ፋብሪካ ምርት ከሰጠዎ ያስታውሱና በምርመራ ያረጋግጡ።

የመጀመሪያው የሆርሞን ምርመራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይደረጋል፤ መጠኑ በተቀየረ ቁጥርም ይደገማል። እህቴ ሆይ፣ ካረገዙ ደግሞ ኪኒኑን «ለጽንሱ» ብለው አያቋርጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የልጁ አንጎል የሚያድገው በእርስዎ ሆርሞን ነው፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ መጨመር አለበትና ማርገዝዎን እንዳወቁ ይሂዱ። ከሁሉም በላይ ከአንገትዎ የወጣው ሥጋ ለምርመራ የተላከበትን ውጤት ተመልሰው ይውሰዱ። ካንሰር ካለበት ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሳይወጡ መቼና ከየትኛው መስኮት እንደሚወሰድ ጠይቀው በካርድዎ ላይ ያስጽፉ።