የመተንፈሻ አየር ፓምፕ ሲደክም ጥፋቱ የት ይፈለጋል?

የመተንፈሻ አየር ፓምፕ ንጹሕ አየር ካለበት ቦታ ላይ ተቀምጦ አየር ይስብና በቱቦ ወደ ሠራተኛው ጭንብል ይልካል። በብዛት ከሚያገለግልባቸው ቦታዎች አንዱ የመኪና ቀለም የሚረጭበት ክፍል ነው። ሃርድነር ተደባልቆበት የሚረጨው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል አለው። ይህ ኬሚካል አስም ያስይዛል፤ ሽታው የሚታወቀውም መጠኑ ከአደገኛው ደረጃ ካለፈ በኋላ ነው። ቀለም ቀቢው አፍንጫውን አምኖ ሊሠራ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። አየር የቀነሰበት ሰው መጀመሪያ ከክፍሉ ይወጣል፣ ጭንብሉን የሚያወልቀውም ከወጣ በኋላ ነው። ፍተሻው የሚጀመረው ከፓምፑ የሚተነፍስ ሰው በሌለበት ነው።

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፓምፖች ያለ ዘይት ይሠራሉ። ሞተሩ በሚያዞረው ሮተር ላይ ከካርቦን የተሠሩ ስስ ክንፎች ተሰክተዋል። ሮተሩ ሲሽከረከር ክንፎቹ ወደ ውጭ ወጥተው የፓምፑን ግድግዳ እየታከኩ አየሩን ይገፋሉ። ካርቦን በባሕርዩ የሚያንሸራትት ስለሆነ ሌላ ማለስለሻ አይፈልግም። በመግቢያውና በመውጫው ላይ ማጣሪያ አለ፤ ከመውጫው በኩል ደግሞ ጌጅ የሚባለው የግፊት መለኪያና ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ይገኛሉ።

ፍለጋውን ከጌጁ መጀመር ብዙ ድካም ያስቀራል። ሠራተኛው አየር አነሰኝ እያለ ጌጁ ከወትሮው ከፍ ብሎ ከታየ፣ ፓምፑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የታፈነው ከጌጁ ወዲያ ያለው መንገድ ነው። የተደፈነ የመውጫ ማጣሪያ፣ የታጠፈ ቱቦ ወይም ሳይታሰብ መኪና የቆመበት ቱቦ ሊሆን ይችላል። ጌጁ ዝቅ ካለ ግን ፓምፑ ራሱ አየር አጥቷል፣ ወይም አየሩ በመንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በአቧራና በቀለም ብናኝ የተደፈነው የመግቢያ ማጣሪያ ነው። ንጹሕ ቦታ ላይ ማጣሪያውን ለአፍታ አንሥቶ ማየት ይበቃል፤ ግፊቱ ከፍ ካለ ማጣሪያው ይለወጣል። ለውጥ ከሌለ መጋጠሚያዎቹ የሳሙና ውሃ ይቀባሉ፤ አረፋ የሚያወጣው መጋጠሚያ አየር ያፈስሳል። ቫልቩም ያለ ቅጥ ተከፍቶ እንደሆነ ይታያል። የካርቦን ክንፎቹ የሚፈተሹት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአምራቹ ወሰን በታች ያጠሩ ክንፎች ሁሉም አንድ ላይ ይለወጣሉ፤ አንዱን ብቻ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

አንዳንዴ ግን የተበላሸ ነገር የለም፤ ፓምፑ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል። በአሜሪካ ደንብ ፊት ላይ ገጥሞ ለሚቀመጥ ጭንብል በደቂቃ ቢያንስ 115 ሊትር፣ ላላ ላለ የራስ መሸፈኛ ደግሞ 170 ሊትር አየር መድረስ አለበት፤ ቱቦውም ከ91 ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። ለአንድ ሰው የተሠራ ፓምፕ ላይ ሁለተኛ ጭንብል ከተቀጠለ ሁለቱም ያጥራቸዋል። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 60 ኸርዝ ሞተርም 50 ኸርዝ ባለው የኢትዮጵያ መስመር ላይ፣ ቮልቴጁ በትራንስፎርመር ቢስተካከል እንኳ፣ ፍጥነቱ በስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ አየሩም አብሮ ይቀንሳል።

ሞተሩ ጨርሶ ዝም ካለ ሶኬቱ፣ ብሬከሩና ሞተሩ ሲግል የሚያጠፋው መከላከያ ይታያሉ። እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽን ኃይሉን በልቶበታል፣ ካፓሲተሩ ደክሟል፣ ወይም ክንፎቹ በእርጥበት ተጣብቀዋል። ብዙ ፓምፕ የሚሞተው እዚህ ላይ፣ በሰው ደግነት ነው፦ አንዱ "ላላላው" ብሎ ዘይት ጠብ ያደርግበታል። ዘይቱ ከካርቦኑ ብናኝ ጋር ተላቁጦ ክንፎቹን በየስንጥቃቸው ውስጥ ያጣብቃቸዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የዘይቱ ጭጋግ ወደ ሰው ሳንባ መሄዱ ነው። የተጣበቀ ክንፍ የሚላቀቀው አምራቹ በሚያዝዘው መንገድ፣ ቱቦዎቹ ተነቅለው ነው። ጭንብሉ ውስጥ ጥቁር ብናኝ ከታየም ክንፍ ተሰብሮ ወይም የመውጫው ማጣሪያ ተቀድዶ ሊሆን ስለሚችል ፓምፑ ወዲያው ይቆማል።

አየሩ ሲሸት የሚታየው መግቢያው ያለበት ቦታ ነው፤ ፓምፑ አካባቢው ያለውን አየር ነው የሚልከው። ጄኔሬተር ወይም የሚሠራ መኪና አጠገብ ከተቀመጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይስባል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የፓምፑ ተራ ማጣሪያም አያስቀረውም። በአሜሪካ ደረጃ ለመተንፈሻ በሚላክ አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 10 እጅ በላይ እንዲኖር አይፈቀድም። ስለዚህ ፓምፑ ከጭስ ይርቃል፤ ጭስ በማይጠፋበት ግቢ ደግሞ የጋዙ ማንቂያ መሣሪያ ይገጠማል። አየሩ ሳይሸት ትኩስ ብቻ ከሆነ ፓምፑ ከፀሐይ ወደ ጥላ ይዛወራል፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎችም ከአቧራ ይጸዳሉ። ቱቦው በጣም አጭር ከሆነም አየሩ ሳይቀዘቅዝ ስለሚደርስ፣ ከተፈቀደው ርዝመት ሳያልፍ ይረዝማል።