ምናለሽ ተራ፦ ሳይቀልጥ የሚታደስ ብረት

መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራን ከዓይን ቀድሞ ጆሮ ያገኘዋል። ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ በቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። እዚህ ከሚደርሰው ዕቃ ብዙው የከተማው ጓዳ የተፋው ነው፤ «ቆራሌው!» እያሉ ከሰፈር ሰፈር የሚዞሩ ገዢዎች የለቀሙት ጣሳ፣ የተቀደደ ድስት፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ። ብዙዎቻችን ተራውን የድህነት ምልክት አድርገን ነው የምናየው። እኔ ግን የቁስን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ትልቅ የሙያ ቤት ነው እላለሁ፤ እዚህ ከመጣል የሚተርፈው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ብረቱን ለመሥራት የፈሰሰው ድካምም ጭምር ነውና።

የዘይት በርሜልን እንውሰድ። ያ ስስ ላሜራ በፋብሪካ ቀልጦ፣ ተድጦ፣ ተጠቅልሎ የተገኘ ነው። መልሶ ለማቅለጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። የተራው ባለሙያ ግን ክዳኑንና ቂጡን በመሮ ፈልቅቆ ያወጣል፣ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቃል፣ ከዚያም እየቀጠቀጠ ያቃናዋል። ክብ የነበረው ይዘረጋል፤ ምድጃ ይሆናል፣ የቡና መቁያ ይሆናል። ፋብሪካው የዳጠው ላሜራ እንደተዳጠ ለሌላ ሥራ ዋለ ማለት ነው። አሉሚኒየም ላይ ሲደርስ ብልሃቱ ይለወጣል፤ 660 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ከሰልና ወናፍ ይበቁታል። ከማዕድን አዲስ ከማምረት ይልቅ አሮጌውን ማቅለጥ 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። የመኪና ጎማ ደግሞ በድኝ ስለበሰለ ቢሞቅ ይቃጠላል እንጂ አይፈስም፤ ስለዚህ እንዳለ መቁረጥ ነው የሚያዋጣው። በረባሶ የሚሠራ ሰው በሽቦ ፈንታ ክር ያለበትን ጎማ ይመርጣል፣ ስለቱን ውሃ እያስነካ ይቆርጣል፣ ማሰሪያውን በትናንሽ ምስማር ይመታል። በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር የተመሠረተው የጫማ ድርጅት ሶልሬብልስም የውጭ ገበያ የገባው ይህንኑ የጎማ ሶል ይዞ ነው።

ቆሻሻን አቃጥሎ መብራት ማመንጨት ይቀላል የሚሉ አሉ፤ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የረጲ ጣቢያ የተሠራው ለዚሁ ነው። ለተበላሸና ለማይለይ ቆሻሻ ይህ ተገቢ ነው። በርሜል ግን ምድጃ ውስጥ ቢገባ ኃይል አይሰጥም፤ አመድ መሃል ይገኛል እንጂ። ቀድሞ መለየት ያለበት ሰው ቆራሌው ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የጤና ነው፤ እሱን ማቃለል አልፈልግም። ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቁርጥራጭ ቀልጦ ድስት ሲሆን እርሳስ ወደ ምግብ ሊገባ ይችላል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ሲሰነጠቅ ትነቱ የሚገባው ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ነው። ይህን ብለው ተራውን ማፍረስ የሚመኙ ግን ሥራውን ይበትኑታል እንጂ አያስቀሩትም፤ መዶሻው ወደ ጠባብ ጓሮ ይገባል፣ ሕፃናት አጠገብ። ባለሙያው የሚያስፈልገው አየር የሚያገኝ መሥሪያ ቦታ፣ ጓንትና መነጽር ነው። ለድስት የሚቀልጠው አሉሚኒየም ከመፍሰሱ በፊት ናሙናው ይመርመር፤ በርሜል የሚሸጥ ድርጅትም ውስጡ ምን እንደነበረ በአማርኛ ጎኑ ላይ ጽፎ ይስጥ።