ጀርም መግደያ ቅመምን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች

ባክቴሪያ ማለት ያለ ማጉያ መነጽር በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ሕያው ፍጥረት ነው። ከባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ በሽታ ያመጣሉ፤ የሚበልጡት ግን የወደቀውን ቅጠልና የሞተውን እንስሳ እያፈረሱ መልሰው አፈር ያደርጉታል። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ምድር በሬሳና በጕድፍ በተሞላች ነበር።

በሽታ የሚያመጡትን ለማጥፋት ሲሉ ሊቃውንት ኬሚካል የሚባሉ ልዩ ልዩ ቅመሞችን አበጅተዋል። ከእነዚህም አንዱ ትሪክሎሳን ይባላል። ይህ ቅመም ባክቴሪያው ገላውን የሚሸፍንበትን ስብ እንዳይሠራ ይከለክለዋል። በመጀመሪያ በሐኪም ቤት ያገለግል ነበር፤ በኋላ ግን በየቤቱ ሳሙና ውስጥ ገባ።

ሰው በዚህ ሳሙና ሲታጠብ ቅመሙ ከእጣቢው ጋራ ይወርዳል። በብዙ ታላላቅ ከተሞች እጣቢው በቦይ ተሰብስቦ አየር ወደሚነፋበት የማጣሪያ ገንዳ ይገባል፤ በዚያም ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። ከእነርሱ መካከል ስፊንጎሞናስ ከሚባለው ወገን የሆኑ አንዳንዶች ትሪክሎሳንን ራሱን ምግብ ሲያደርጉት ተገኝተዋል።

አሠራራቸውም እንዲህ ነው። የትሪክሎሳን ቅንጣት በኦክሲጅን የተያያዙ ሁለት ቀለበቶች አሏት፤ በቀለበቶቹም ላይ ሦስት የክሎር ቅንጣቶች ተጣብቀዋል። እንጨት ፈላጭ ሽብልቅ አግብቶ ግንዱን እንደሚሰነጥቅ፥ ባክቴሪያውም ኤንዛይም በሚባል መሣሪያው ከአየር ያገኘውን ኦክሲጅን በቀለበቱ ላይ ይተክላል። ያን ጊዜ ቀለበቱ ላልቶ ይሰበራል፤ በስባሪው ውስጥ ያለው ካርቦንም ለባክቴሪያው መብል ይሆናል።

ነገር ግን ይህ ሥራ ወሰን አለው። አየር በሌለበት ጭቃ ትሪክሎሳን ሳይፈርስ ብዙ ጊዜ ይቈያል። ከፊሉም ከገንዳው ዝቃጭ ጋራ ተጣብቆ ይቀራል፤ ዝቃጩ ለማዳበሪያ ሲበተን ወደ እርሻው ይገባል። ደግሞም ቅመሙ ከልክ ሲያልፍ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ትሪክሎሳንና ሌሎች 18 ቅመሞች ለሕዝብ በሚሸጥ መታጠቢያ ሳሙና እንዳይገቡ ከለከለ። ምክንያቱም ሳሙና ሠሪዎቹ፥ ቅመሞቹ ከተራ ሳሙናና ከውሃ ይልቅ እንደሚጠቅሙ፥ ዘወትርም ለረጅም ጊዜ ቢታጠቡባቸው እንደማይጐዱ ባለማስረዳታቸው ነው።

ተራ ሳሙና ጀርሙን ከቅባቱና ከእድፉ ጋራ ከእጅ አላቆ በውሃ ያወርደዋል። ስለዚህ ከመብል በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ደኅና አድርጎ አሽቶ መታጠብ ይበቃል። በመጸዳጃ ጕድጓድ ውስጥም የጤና ባለሙያ ሳያዝ በረኪና ወይም ሌላ ጀርም መግደያ ማፍሰስ አይገባም፤ ጕድፉን የሚያፈርሱትን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋልና። ጠላቱን አጠፋለሁ ብሎ አገልጋዩን የሚገድል ሰው ብልህ አይባልም።