ለመንደር ትምህርት ቤት የባትሪ ሣጥን ከጀልባ ሠሪዎች የሚገኝ ትምህርት

ቶጎጫሌ ከጅጅጋ በስተምሥራቅ በጠረፍ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። ቶግ ማለት በሱማልኛ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ብቻ ጎርፍ የሚወርድበት ደረቅ ወንዝ ነውና፥ በዚያ ስፍራ ጀልባ የሚባል ነገር አይታይም። ነገር ግን ወደ ከተማይቱ በጭነት መኪና ከሚገባው ዕቃ ብዙው በበርበራ ወደብ ከባሕር የወጣ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃም ይገኝበታል። ከባሕር የሚመጣ ዕቃ ካለ፥ ዕቃውን በደኅና ለማስቀመጥ የሚረዳ የባሕር ሰዎች ጥበብም ቢመጣ መልካም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚሁ ነው።

ለዓሣ ማጥመጃና ለጥበቃ በሚያገለግሉ ብዙ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ላይ መሪው የሚቆመው በጀልባው መካከል ነው። ከመሪው በታች ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን አለ። ባትሪው፥ የመብራቱ ማብሪያ፥ የሞተሩ መለኪያና የሬዲዮው ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚገቡት በዚህ ሣጥን ውስጥ ነው። መደርደሪያ ከሌለው ግን ባለ ጀልባው ገመዱን፥ መፍቻውንና ልብሱን በሽቦው ላይ ይጥልበታል። ጀልባው በማዕበል በተናወጠ ቍጥር ዕቃው ሽቦውን ይመታዋል፥ ይፈገፍገዋልም። ከብዙ ቀን በኋላ የሽቦው ልባስ ተልጦ መዳቡ ይገለጣል። ያን ጊዜ ወይ ሞተሩ ከየብስ ርቆ ይቆማል፥ ወይ እሳት ይነሣል። በባሕር ላይ ደግሞ ከእሳት የሚሸሹበት ስፍራ የለም።

ስለዚህ ዐዋቂ ጀልባ ሠሪ እንዲህ ያለውን ሣጥን እንደገና ያደራጀዋል። አስቀድሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ ያወጣል፤ ከዚያም ለዕቃው መደርደሪያ፥ ለሽቦው የተለየ መስመር ያበጃል። የጀልባውን ግድግዳ መብሳት ውኃ ያስገባልና፥ ትንንሽ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቍራጭ በሙጫ ለጥፎ የሽቦውን ማሰሪያ በዚያ ላይ ይመታል። በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው የጀልባ ሠሪዎች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ፥ በቱቦ ውስጥ ያልገባ ሽቦ ቢበዛ በየ45 ሳንቲ ሜትሩ መታሰር አለበት። የደንቡ ሐሳብ አጭር ነው፤ ሽቦ ኃይልን ይሸከማል እንጂ ክብደትን አይሸከምም፥ ከምንም ነገር ጋርም መፈጋፈግ የለበትም።

ከኤሌክትሪክ መስመር በራቀ መንደር ብርሃን የሚያገኝ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ያን ብርሃን የሚያገኘው ከሶላርና ከባትሪ ነው። ባትሪው በክፍል ጥግ ይቀመጣል፤ ሽቦው በመሬት ላይ ይንዘላዘላል፤ በላዩም ጠመኔ፥ መጽሐፍና መጥረጊያ ይጫንበታል። ይህ ካልተደራጀው የጀልባ ሣጥን በምንም አይለይም። የ12 ቮልት ባትሪ ሰውን አይዝም ተብሎ ሲነገር ይሰማል። ደረቅ እጅን እንደማይዝ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ጫፎች በብረት መፍቻ የተገናኙ እንደ ሆነ፥ በመቶ የሚቈጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ ብረቱ ይግላል፥ የሽቦው ልባስም ይነድዳል። ሰዎች ኮንታክት ተነሣ የሚሉት ይህን ነው። ሣር ክዳን ወይም የእንጨት ጣሪያ ባለው ቤት፥ ሕፃናት በተቀመጡበት ክፍል፥ ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

እንግዲህ የሣጥኑ አሠራር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ሥራው ሳይጀመር ኃይሉ ይቋረጥ። አስቀድሞ ከሶላሩ የሚመጣው ሽቦ ይፈታ፤ ቀጥሎ የባትሪው ኔጋቲቭ፥ በመጨረሻም ፖዘቲቩ ይፈታ። ሲመለስ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፖዘቲቩ ይቅደም፥ ኔጋቲቩ ይከተል፥ ሶላሩ የኋለኛ ይሁን። የሚሠራው ሰው የጣት ቀለበቱንና የእጅ ሰዓቱን ያውልቅ።

ሁለተኛ፥ ከጠንካራ ጣውላ ሣጥን ተሠርቶ ከላይ እስከ ታች በሚደርስ ግድግዳ ለሁለት ይከፈል። ባትሪው ከባድ ነውና በአንደኛው ክፍል ከታች ይቀመጥ፤ እንዳይንሸራተትም በጠፍር ይታሰር። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ አሲድ የሚይዝ የፕላስቲክ ሳሕን ይደረግበት። እንዲህ ያለው ባትሪ ኃይል በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ከአየሩ መቶ እጅ አራቱን ያህል ሲሆን በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ከአየር ይልቅ ቀላል ስለሆነም ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ በባትሪው ክፍል ከታች አየር መግቢያ፥ ከላይ መውጫ ቀዳዳ ይበሳ።

ሦስተኛ፥ የኃይሉ መቈጣጠሪያ፥ ፊውዙና ማብሪያው በሁለተኛው ክፍል ይሁኑ እንጂ ከባትሪው በላይ አይሰቀሉ። በክፍሉ ጀርባ አንድ ሰሌዳ ይመታና መሣሪያዎቹ ሁሉ በዚያ ላይ ይታሰሩ። በጭቃ ግድግዳ ላይ የተመታ ብሎን ይወልቃል፤ የቆርቆሮ ጠርዝም ሽቦን ይቈርጣል። ጀልባ ሠሪው ግድግዳውን እንደማይበሳ፥ እዚህም ሁሉ ነገር በሰሌዳው ላይ ይቁም።

አራተኛ፥ ሽቦዎቹ እንደ ዘንግ ቀጥ ብለው በአንድ መስመር ይሂዱ፤ ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥም ይታሰሩ። በጣውላ ቀዳዳ በሚያልፉበት ስፍራ ላስቲክ ይደረግላቸው። ጫፋቸው ግን ተወጥሮ አይታሰር፤ ዳግመኛ መፍታት ቢያስፈልግ እንዲደርስ ጥቂት ትርፍ ይተውለት።

አምስተኛ፥ ፊውዙ ለባትሪው ፖዘቲቭ እጅግ የቀረበ ይሁን። የጀልባ ሠሪዎቹ ደንብ በጠቅላላው 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላል፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው ምንም ነገር የለምና። ፊውዝ የሚደረገው አምፖሉን ለመጠበቅ ሳይሆን ሽቦው እንዳይነድድ ነው። ለ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከ20 አምፔር የሚበልጥ ፊውዝ አይገባም። በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት፥ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ስድስተኛ፥ የሽቦው ውፍረት በርቀቱ ይመዘን። በዚሁ በ2.5 ሽቦ 10 አምፔር ወደ 10 ሜትር ርቀት ቢላክ፥ በመሄጃውና በመመለሻው 1.5 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ መብራቱም ይደክማል። ስለዚህ ሣጥኑ ለመብራቶቹ በቀረበ ስፍራ፥ ከፀሐይና ከአቧራ ተከልሎ ይቀመጥ። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል።

ሰባተኛ፥ ለመጽሐፍና ለጠመኔ የሚሆን መደርደሪያ ከሣጥኑ ውጭ ይሠራ። ስፍራ ያልተበጀለት ዕቃ ሁልጊዜ በሽቦው ላይ ያርፋል፤ ቍጣና ክልከላ ብቻውን አያስቀረውም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ቢመስልም ከሁሉ የሚበልጥ ነው። በእያንዳንዱ ሽቦ ሁለት ጫፍ ላይ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጻፍበት፤ የመስመሩም ሥዕል በሣጥኑ መዝጊያ ውስጥ ይለጠፍ። ጽሑፉ መምህራኑም የመንደሩ ሽማግሌዎችም በሚያነቡት ቋንቋ፥ በአማርኛና በሱማልኛ ይሁን። መምህር ይዛወራል፥ ሠራተኛም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ሣጥኑን የሠራው ሰው በሄደ ማግስት ምሥጢሩ ከእርሱ ጋር የሚሄድ ከሆነ፥ አንድ ሽቦ በተበጠሰ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ወደ ጨለማ ይመለሳል። ያልሠራው ሰው ከፍቶ የሚያስተውለው ሣጥን ግን ለሚመጣው መምህር እንደ ርስት ይተላለፋል።

መምህራን በወር አንድ ጊዜ ትልልቆቹን ተማሪዎች አቁመው ሣጥኑን ይክፈቱ፤ የላላውን ብሎን፥ የተላጠውን ልባስ፥ በባትሪው ጫፍ ላይ የወጣውን ነጭ ዝገት ይመርምሩ። ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያዩ፥ በእጃቸው ግን የሚነኩት ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ብቻ ይሁን። የመንደሩ ሽማግሌዎችም ቍልፉን ለአንድ የታመነ ሰው ይስጡ፤ ለፊውዝና ለማሰሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ለይተው ያኑሩ። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ የአንድ ፊውዝ ዋጋ ከአንድ ክፍል ጣሪያ ጋር አይመዛዘንምና።