የሞደም ጂፒኤስ መረጃን ለካርታ ሶፍትዌር ማጋራት

የምናጎለብተው እያንዳንዱ ምንጭ፣ የምንከልለው እያንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን ደን በካርታ ላይ እንደ ነጥብ ወይም እንደ መስመር ይመዘገባል። ነጥቡ ከተሳሳተ ከዓመታት በኋላ ለጥገና የሚላከው ባለሙያ ገንዳውን ፈልጎ ያጣዋል፤ ሪፖርታችንን የሚመረምር አጋርም ሥራው መሠራቱን ይጠራጠራል።

እኔ ራሴ በዚህ ስሕተት ወድቄአለሁ። በአንድ የመስክ ጉዞ ላይ ላፕቶፓችን ላይ የተሰካው ዶንግል የጂፒኤስ መቀበያ ነበረው። የዶንግሉ ፕሮግራም ያለንበትን ቦታ በሚገባ ቢያሳይም የካርታው ሶፍትዌር ግን ወደቡ በሌላ ፕሮግራም ተይዟል እያለ አልቀበልም አለ። አማራጭ ስላጣሁ ቁጥሮቹን ከአንዱ መስኮት እያየሁ በሌላው በእጄ ጻፍሁ። ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋወጡና አንዱ ምንጭ ከወንዙ ማዶ፣ በሌላ ቀበሌ ውስጥ ተመዘገበ። ካርታውን ለውኃ ኮሚቴው ባሳየሁ ጊዜ ሰብሳቢው አባት አተኩረው ተመለከቱና «ዲያቆን፣ የእኛን ምንጭ ለማን ሰጠህብን?» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

መረጃው እንዴት ይጓዛል?

ሁሉም ባይሆኑም አንዳንድ ዶንግሎችና በላፕቶፕ ውስጥ የሚገጠሙ የብሮድባንድ ካርዶች ከኢንተርኔቱ ክፍል በተጨማሪ የጂፒኤስ መቀበያ አላቸው። መቀበያው ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚደርሰውን ምልክት በማነጻጸር ኬክሮስን፣ ኬንትሮስን፣ ከፍታንና ሰዓትን ያሰላል። ስሌቱ ራሱ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ኔትወርክ ሲኖር ግን የሳተላይቶቹ መረጃ ቀድሞ ስለሚደርሰው ፈጥኖ ይጀምራል።

ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በየሰከንዱ፣ ኤንኤምኢኤ 0183 በተባለው ሥርዓት በአጫጭር የጽሑፍ መስመሮች ይላካል። መስመሮቹ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገቡት «ኮም» የሚል ስምና ቁጥር ባለው ወደብ ነው። ችግሩ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ወደብ በአንድ ጊዜ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ይፈቅዳል። ነገሩ አንድ ማውጫ ብቻ ያለውን ምንጭ ይመስላል። የመጀመሪያው ሰው ቧንቧውን ከገጠመበት ሌላው እንስራውን ይዞ ይመለሳል። መፍትሔው ከምንጩ በታች የማከፋፈያ ገንዳ ሠርቶ ብዙ ቦኖ ማውጣት ነው።

ሦስት አማራጮች

የመጀመሪያው የዊንዶውስ የራሱ የቦታ አገልግሎት ነው። ሞደሙ ለዚህ አገልግሎት የሚስማማ ድራይቨር ካለው ፕሮግራሞች ወደቡን ሳይሻሙ ቦታቸውን ከዊንዶውስ ይጠይቃሉ። ይሁን እንጂ «ኮም» ወደብን ብቻ የሚያውቁ የቆዩ የካርታ ሶፍትዌሮች በዚህ መንገድ መጠቀም አይችሉም።

ሁለተኛው ወደብ የሚከፍል ሶፍትዌር ነው። እርሱ እውነተኛውን ወደብ ብቻውን ይይዝና ተመሳሳዩን መረጃ ለበርካታ ምናባዊ ወደቦች ያድላል። የካርታው ሶፍትዌር ከአንዱ፣ የጉዞ መዝጋቢው ከሌላው ያነብባሉ።

ሦስተኛው ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች የሚሆነው ጂፒኤስዲ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። መረጃውን ከመቀበያው ተቀብሎ በኔትወርክ ወደብ 2947 ለጠየቀው ሁሉ ያካፍላል። በብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ ያለው ኪውጂአይኤስ የጂፒኤስ መስኮቱን ከጂፒኤስዲም ከ«ኮም» ወደብም ጋር ማገናኘት ይችላል።

ከሁሉም በፊት መቀበያው መነሣቱን ማረጋገጥ ይገባል። ብዙ ሞደሞች ከራሳቸው ፕሮግራም ትእዛዝ እስኪደርሳቸው ድረስ የጂፒኤስ መረጃ አይልኩም።

ቁጥሮቹን ስናነብ

መረጃውን ማጋራት ብቻውን ከስሕተት አያድንም፤ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ኤንኤምኢኤ ቦታን የሚጽፈው በዲግሪና በደቂቃ አጣምሮ ነው። በባሕር ዳር አካባቢ 1136.0000 የሚል የኬክሮስ ቁጥር ቢመጣ 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ማለት ነው፤ በአስርዮሽ ሲለወጥ 11.60 ይሆናል። እንዳለ 11.36 ብሎ የሚመዘግብ ሰው ነጥቡን ከ26 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይወስደዋል።

ሁለተኛ፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን የመለኪያ መነሻ ሲሆን፣ በ1 ለ50,000 መጠን የታተሙት የቀድሞ የአገራችን ካርታዎች ግን «አዲንዳን» በተሰኘው መነሻ የተዘጋጁ ናቸው። ቁጥሩን ሳይለውጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር 200 ሜትር ገደማ ያዛንፋል። ይህ ርቀት አንድን ምንጭ ወደ ሌላ ጎጥ ለማሻገር በቂ ነው።

ሦስተኛ፣ መቀበያው የሚሰጠው ሰዓት የዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። 06:00 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን በመዝገቡ ላይ ማመልከት ይበጃል፤ ቀኑም የሚቆጠረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በተጨማሪም ጥቅጥቅ ባለ የጽድና የወይራ ደን ውስጥ፣ ወይም በድንጋይ ግንብ ሥር፣ የሳተላይት ምልክት ይዳከማል። ስለዚህ ነጥብ ከመያዛችን በፊት በቂ ሳተላይቶች መገኘታቸውን ማየትና በአንድ ቦታ ላይ ጥቂት መታገሥ ይጠቅማል።

የማይጋራ መረጃ

የምንጭና የደን ነጥብ ለሁሉም ቢታይ ጉዳት የለውም። የተረጂ ቤተሰብ ቤት፣ የወላጅ አልባ ሕፃን መኖሪያ ወይም የተፈናቃዮች መጠለያ ግን እንዲህ አይደለም። ወደቡን ለብዙ ፕሮግራሞች ስንከፍት የትኛው ፕሮግራም መረጃውን ወደ ውጭ እንደሚልክ ማወቅ ግዴታችን ነው። የማያስፈልገንን ፈቃድ እንዝጋ፤ የሰዎችን መኖሪያ የያዘ ፋይልም ከሌላው ለይተን በይለፍ ቃል እንጠብቅ።

ያን ምንጭ ሁለተኛ ሄጄ ለካሁት። በዚህ ጊዜ ወደቡን በከፋይ ሶፍትዌር አካፍዬ ነበርና ነጥቡ የሰው እጅ ሳይነካው በቀጥታ ወደ ካርታው ገባ። አዲሱን ካርታ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ሳሳያቸው በጣታቸው ወንዙን ተከተሉ፤ ገንዳው በወንዙ ወዲህ ማዶ መሆኑን አረጋገጡ፤ ከዚያም መዝገቡን ፈረሙልኝ።