ደጋ ሲዘንብ፣ ቆላ ሲነድ

በኢትዮጵያ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት ለሁሉም አካባቢ አንድ ዓይነት ወቅት አይደለም፤ የደጋው ሰው ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር በሚቀመጥበት ሐምሌ፣ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ዳሎል የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል።

የክረምቱ ዝናብ መነሻ የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት የምድር ወገብ አካባቢ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን መሳቡ ሲሆን፣ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ረፋዱ ላይ ብራ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ ጠቁሮ ያጓራል፤ በደመናው ውስጥ ሽቅብ የሚነፍሰው ኃይለኛ አየር የውኃ ጠብታዎችን ወደ ላይ እያነሣ ስለሚያረጋቸው በረዶ ይፈጠራል፤ ባቄላ የሚያህለው የበረዶ ጠጠርም ያበበ ማሳን በደቂቃዎች ውስጥ ያረግፋል። ይህ ጥፋት እንደ ድርቅ ብዙ አለመነገሩ በእጅጉ የሚያሳዝን ነው።

አየሩ ቁልቁል ሲወርድ ግን ይሞቃል፣ ይደርቃል፤ ሆኖም የአፋር አርብቶ አደር በራሱ ሰማይ ብዙም ሳይዘንብ፣ በሸዋ ደጋ የጣለው ዝናብ አዋሽን ሞልቶ በነሐሴ ግጦሹን ያጥለቀልቅበታል። ዋናውን ዝናብ በመጋቢትና በግንቦት መካከል የሚያገኘው ቦረና ደግሞ ክረምቱን፣ አዶሌሳ ብሎ የሚጠራውን፣ በቀዝቃዛና ደረቅ ደመና ሥር ያሳልፋል።